የወሰን ድንጋይ በዜማ

ትያትር ጥሩ ነገር ነበር፣ የእህቴ ልጅ ነቢዩ ሙዚቃ ተምሮ እስኪመጣ ድረስ። ይህን የምለው ተናድጄበት አይደለም። ብናደድበት ኖሮ ፓስቲ በነፃ አላበላውም ነበር።

ጥሩሸዋ እባላለሁ። በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለኝ። ሻይ ቤቱን የማያውቅ ሊኖር ይችላል፣ እኔን የማያውቅ ግን የለም፤ «የወሰን ድንጋይ» በተባለው ትያትር ውስጥ እናትየዋ እኔ ነኛ። ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው የእናት ቦታ የሰጡኝ፤ ድምፅሽ ትልቅ ነው ብለው። አሁን ፀጉሬም ሸበተ፣ ጉልበቴም ደከመ፣ ነገሩ ልኩን አገኘ። ትያትሩን የጻፉት መምህር ተገኘ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። በየዓመቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይታያል። አገሩ በቃሉ ስለሚያውቀው አንዱ ተዋናይ ቃል ከሳተ ከኋላ ወንበር የሚያርመው አይጠፋም።

ታሪኩ አጭር ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ይጣላሉ። ታናሽየው በማሳቸው መካከል ያለውን የወሰን ድንጋይ ሰው ሳያየው ወደ ወንድሙ ገብስ ገፋ ያደርገዋል። ታላቅየው ይከሰዋል፣ ይሟገታሉ፣ በመጨረሻ ታላቅየው ታናሹን ይገድለዋል። ያኔ እኔ እገባለሁ። መምህር ተገኘ ደረቅ ሰው ስለነበሩ፣ ልጇ ፊቷ የተጋደመባት እናት እንድታለቅስ እንኳ አልፈቀዱላትም። የሰጧት ንግግር ነው። «ውድ ወገኖቼ» ብዬ እጀምርና የመሬት ጠብ የሚያስከትለውን ጉዳት አንድ በአንድ አስረዳለሁ። ሐዘንተኛ ሳይሆን ስብሰባ የመራሁ ነው የምመስለው። ሰዉ ግን ያጨበጭባል፤ የእኛ አገር ሰው ንግግር ይወዳል።

ነቢዩ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ፣ በትምህርት ቤታችን የክወናና የእይታ ጥበብ መምህር ሆኖ መጣ። መጥቶም ብዙ አልቆየ፤ አንድ ቀን ሻይ ቤቴ ገብቶ ከፓስቲው አንዱን ጎረሰና፣ «እቴቴ፣ የወሰን ድንጋይን ኦፔራ ላደርገው ነው» አለኝ።

«ምን ልታደርገው?»

«ኦፔራ። ሁሉም ነገር በዜማ የሚባልበት ትያትር ነው። ሰላምታውም፣ ጠቡም፣ ክሱም በዜማ።»

«ቅዳሴ ነዋ።»

«ቅዳሴስ አይደለም። ዓለማዊ ነው።»

«ሰውየው ሲሞትስ?»

«እየዘፈነ ይሞታል።»

እንግዲህ ይታያችሁ። በዚህ በመንዝ ብርድ፣ ተወግቶ መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ይዘፍናል። እኔ እንኳን ተወግቼ፣ ጉንፋን ይዞኝ ሻይ የሚጠይቀኝን ሰው አልመልስም። ልጁ ግን ዓይኑ በርቶ ነበር፣ ዓይኑ የበራን ልጅ ደግሞ መቃወም ጉልበት ይጨርሳል። «ጎርሰህ ጨርስና አውራ» ብዬ ዝም አልኩት።

ተዋናዮቹን ራሱ መረጠ። ታላቅ ወንድም አፈወርቅ ሆነ። አፈወርቅ ቀን ቀን ቢሮ ተቀምጦ የሰው የመሬት ክርክር ሲሰማ ይውላል፤ አመሻሹ ላይ ደግሞ መጥቶ ስለ መሬት ይገድላል። ታናሽ ወንድም ሙሉቀን ሆነ፣ የሚኒባስ ረዳቱ። «ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን» እያለ ሲጣራ ድምፁ ጓሳ ላይ ያለ በግ ያስበረግጋል። ነቢዩ እንዲህ ያለ ድምፅ አዲስ አበባም አላገኘሁም ብሎ ሊስመው ምንም አልቀረው። ሙሉቀንም ኮራና ያን ሰሞን መልስ መስጠት እየረሳ ተሳፋሪ ሲያስቀይም ሰነበተ።

ችግር የመጣው የሙግቱ ክፍል ላይ ነው። ነቢዩ መጀመሪያ የሠራው ዜማ የፈረንጅ ነበር፤ አፈወርቅ «ወንድሜ ሆይ ድንጋዩን» ብሎ ሲንቀጠቀጥ ሙሉቀን እየሳቀ ተንከባለለ። ነቢዩ ሞኝ ልጅ አይደለም። የአገራችን ሰው ድሮ በችሎት ሲሟገት በዜማ እየተቀባበለ እንደነበር ተምሯል፤ ስለዚህ ይህን የሚችሉትን ሽማግሌ፣ ጋሽ ኃይለመስቀልን፣ ሻይ ቤቴ አስቀምጦ ይለምናቸው ጀመር። እሳቸውም ለወጉ ያህል እምቢ አሉ። ከዚያ ተነሱ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ፣ በትራቸውን ወደ አፈወርቅ ቀሰሩና «በላ ልበልሃ» ብለው ሲያወርዱት ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አፈወርቅ በማያውቀው ወንጀል የተከሰሰ ይመስል ላብ አጠመቀው። ነቢዩ በስልኩ ቀዳው። ከዚያን ቀን ወዲያ ጋሽ ኃይለመስቀል ከልምምድ አልቀሩም፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው «ለታናሹ ግን እኔ ዋስ አልሆንም» ይላሉ።

ስለ ጋሽ ኃይለመስቀል አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእድራችን ዳኛ ናቸው። በሰፈራችን ሰው ሩቅ አገር ሄዶ ሲሞት፣ ለቤተሰቡ መርዶ የሚያረዱትም እሳቸው ናቸው። ማለዳ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በር ላይ ከታዩ ያ ቤት አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በደጄ ሲያልፉ አልወድም። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ ገና ከአስፋልቱ ማዶ ሆነው፣ «ለሻይ ነው፣ ጥሩሸዋ» ብለው ይጣራሉ፣ እንዳልደነግጥ።

የምደነግጠው በልጄ በበኃይሉ ነው። ሳውዲ እገባለሁ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ በኩል ወጣ። ኦቦክ ከሚባለው ባሕር ዳር ሆኖ ደወለልኝ፤ «ዛሬ ጀልባ አለ፣ እማዬ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። አብረውት የሄዱትም ድምፃቸው የለም። ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ መጣ፣ የትኛው ጀልባ እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ያየ ሰው ከሌለ መርዶ የለም። መርዶ ከሌለ ለቅሶ የለም። አባቱ ሲሞት ድንኳን ተተክሎ፣ አልቃሽ ተጠርታ፣ ደረቴን ደቅቼ አልቅሼ ወጥቶልኛል። ለበኃይሉ ግን ገና ዓይኔ እንባ ሲያቀርር «ሟርት ነው፣ ዝም በይ፣ ነገ ቢደውልስ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ነገ ቢደውልስ። ዓመታት ሙሉ ነገ ቢደውልስ እያልኩ እንባዬን ስውጥ ኖርኩ። ሰው ምግብ እንደሚያምረው እኔን ማልቀስ አማረኝ።

እንግዲህ ነቢዩ «እቴቴ፣ በኦፔራው እናትየዋ ንግግር አታደርግም፤ ሙሾ ታወርዳለች» ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ አስቡት። ያን ቀን ኦፔራ ወደድኩ። ትያትር ላይ ለሞተ ልጅ ባለቅስ ማን ሟርት ይለኛል? ሁለት ፓስቲ ጨመርኩለት።

ግጥሙን ግን አልወደድኩትም። «የሕይወቴ ፀሐይ ጠለቀች» ይላል። በመንዝ ፀሐይ ከወጣች ሰው ልብሱን ያጥባል፣ ስትጠልቅ ደግሞ በጉን ያስገባል፤ «ፀሐዬ» ብላ የምታለቅስ እናት አላጋጠመችኝም። ስለዚህ በሙሉቀን ሚኒባስ ሞላሌ ወረድኩ፣ ለባሌ ሙሾ ወዳወረደችው ወደ ኮከቤ። ኮከቤ አልቃሽ ናት፤ በአካባቢው ትልቅ ለቅሶ ሲኖር የምትጠራው እሷ ናት። ቤቷ ስገባ ገና ወንበር ሳልይዝ፣ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም። ትያትር ነው።»

«ትያትርም ቢሆን ሟች ይኖረዋል። መልኩ ምን ይመስላል? ምን ይወድ ነበር? በምን ይጠራል? እኔ ለማላውቀው ሰው አላወርድም።»

ስለ ታናሽ ወንድም የማውቀውን ሁሉ አሰብኩ። መምህር ተገኘ ምንም አልሰጡትም። «ድንጋይ ይገፋል» አልኳት።

ኮከቤ ስቃ ስቃ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ዜማውን አወጣጡን፣ የት ላይ ድምፅ እንደሚሰበር፣ ደረት መቼ እንደሚመታ አሳየችኝ። ስትሸኘኝ በር ድረስ መጥታ፣ «ቃሉ ግን ካንቺ ይምጣ» አለችኝ። ይህን ስትል አልሳቀችም።

ልምምድ ላይ ሙሉቀን እንደተለመደው ሞቶ ተጋድሟል። ነቢዩ ኪቦርዱ ላይ ነው። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁና አወረድኩ። መጀመሪያ ስለ ድንጋዩ ነበር። ስለ ገብሱም አልኩ። ከዚያ ሳላስበው አፌ እንዲህ አለ፦

ባሕር አይታረስ፣ ገብስ አይዘራበት፣
ምን አገኛለሁ ብሎ ልጄ ወረደበት።

ኪቦርዱ ቆመ። ሙሉቀን ሞቶ ሳለ አንድ ዓይኑን ገለጠ። አፈወርቅ ቢላዋውን እንደያዘ ዞሮ ተናፈጠ።

ነቢዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እቴቴ፣ ትያትሩ ውስጥ ባሕር የለም እኮ።»

«አሁን አለ» አልኩት።

እሱም፣ «እሺ። ከመጀመሪያው እንድገመው» አለ። ያኔ ጋሽ ኃይለመስቀል በትራቸውን አንስተው ወጡ። ብርዱ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በማግሥቱ ሻይ ሊጠጡ ሲመጡም ስለ ልምምዱ አልጠየቁኝም፣ ብዙ ስኳር ጨምረው ሲያማስሉ ቆዩ።

ኦፔራው የታየው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከደብረ ብርሃን ከባህል ቢሮ የመጡ እንግዶች ፊት ላይ ተቀመጡ፤ የገጠሩ ሰው ባናውን ተከናንቦ ገባ። ባና የእኛ አገር የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው፤ ክብደቱ ሰው ይደፍቃል። ነቢዩ ከረባት አስሮ ነበር። ልጁ ከረባት ሲያስር አንገቱ ይረዝማል፤ ብነግረው ስለሚከፋው ተውኩት።

መጀመሪያ ወንድማማቾቹ በዜማ «እንደምን አደርክ» ሲባባሉ ሰዉ ሳቀ። ያኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ረጅም አድርጎ ሲስበው አንዲት ሴትዮ ከኋላ «አሜን» አለች፣ ነቢዩም ደነገጠ። ሙግቱ ሲመጣ ግን ሳቅ ቀረ። አፈወርቅ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ «በላ ልበልሃ» ሲል አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ለታላቅየው፣ ግማሹ ለታናሽየው ቆመ። «ምስክር ይቅረብ» የሚል ድምፅ መጣ። አንዱ ደግሞ እንግዶቹን እንደ ዳኞች ቆጥሮ ጉዳዩን ወደ እነሱ አዞረ፤ እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ነቢዩ ኪቦርዱን እየመታ በደስታ ፊቱ ቀላ። ይህን ልጅ ያኔ ብታዩት ከረባቱን ይቅር ትሉት ነበር።

ከዚያ ሙሉቀን ተወጋ፣ መሞትም ጀመረ። ቆየ። የመጨረሻ ዜማውን ሦስት ጊዜ ደገመው፣ ድምፁን ለእንግዶቹ ማሳየት ስለፈለገ። «አልሞትም አለ እንዴ» አለ አንዱ። በስንት መከራ ሞተ፣ አፈወርቅም ባና አለበሰው።

ተራዬ ደረሰ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ሁሉም ይህን ሙሾ እንደምጠብቀው ያውቃል፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም። ነቢዩ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ያዘና ጠበቀኝ። ሁለት እጄን ወደ ደረቴ አነሳሁ። በኃይሉ በግራ እጁ ሲጎርስ፣ ተው ስለው ሲስቅ ታየኝ። አሁን ነው አልኩ።

ያኔ ጋሽ ኃይለመስቀል ከፊት ወንበር ተነሱ።

ጋቢያቸውን ደርበዋል። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ተነሱ። ሦስቱም ወደ መድረኩ መጡ፣ ደረጃውን ወጡ፣ ቀስ ብለው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ ልክ በማለዳ ሰው በር ላይ እንደሚመጡት። አፋቸው ላይ «ለሻይ ነው» የሚል የለም። ወሬ መጣ አልኩ። ዛሬ ሰምተዋል፣ ሰው ፊት ሊያረዱኝ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማልቀስ አማረኝ ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ እጄ ደረቴ ላይ እንዳለ፣ በልቤ አይንገሩኝ፣ ፈጣሪዬ አይንገሩኝ ማለት ጀመርኩ። አንድም የሙሾ ቃል አጠገቤ አልነበረም። ባይነግሩኝ የዕድሜ ልክ እንባዬን እንደዋጥኩ ለመኖር ተስማማሁ።

ጋሽ ኃይለመስቀል አልፈውኝ ሄዱ። ጎንበስ አሉና ባናውን በበትራቸው ነካ አደረጉት።

«ተነስ» አሉት ሬሳውን።

ሙሉቀን ምን ያድርግ። በአንድ በኩል ነቢዩ ከኪቦርዱ ኋላ በእጁ ተኛ፣ ተኛ ይለዋል። በሌላ በኩል አባቱን ያሳደጉ ሽማግሌ ቆመው ተነስ ይሉታል። ባናው ሥር ጥቂት ሲንፈራገጥ ቆየና ተነሳ። ተነስቶም «ይቅርታ፣ አባባ» አለ፣ በመሞቱ።

ነቢዩ ሮጦ መጣ። «ጋሽ ኃይለመስቀል፣ አላለቀም እኮ። ልጁ ሞቷል እኮ።»

«ማን አረዳ?»

«እ... ትያትሩ ላይ...»

«በዚህ አገር የማረዳው እኔ ነኝ። አላረዳሁም።»

አፈወርቅ ቢላዋውን ከኋላው ደበቀ። ከእንግዶቹ አንዱ ይህም የኦፔራው ክፍል መስሎት በስልኩ ይቀርፃል።

ጋሽ ኃይለመስቀል ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኔ ብቻ እንደሚሆን አድርገው ተናገሩ፣ ግን አዳራሹ ትንፋሹን ውጦ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

«ጥሩሸዋ፣ ስንት ዓመት ሙሉ በንግግር ስትይው ሰምቼሻለሁ፤ ምን አልኩሽ?»

«ምንም አላሉኝም» አልኳቸው።

«ንግግር ነዋ። ማንም ይናገራል። ሙሾ ግን ከወረደ ወረደ ነው፣ የሚመልሰው የለም። ባሕሩን ስትጠሪው ሰማሁሽ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ሳላረዳሽ ማን ልጅሽ ሞተ አለሽ?»

«ማንም» አልኩ። «ማንም አላለኝም።»

«ታዲያ?»

ንድድ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ያቺን አንዲት ለቅሶ ነጠቁኝ። ደግሞ እግራቸው ላይ ወድቄ ልስማቸው ፈለግሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ሆነብኝና ቆሜ ቀረሁ።

ጋሽ ኃይለመስቀል ሙሉቀንን በክንዱ ያዙት። የተቀባው ቀይ ቀለም ሸሚዙ ላይ ነበር፤ በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑለት። አምጥተው ፊቴ አቆሙት።

«ከመንገድ መጥቷል» አሉኝ። «ደክሞታል። ሳሚው።»

ልጅ ከሩቅ አገር ሲመጣ እናት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። ወጋችን ነው። ይህን ሟርት የሚል ሰው አልተፈጠረም፤ እንዲያውም ሳታለቅስ ብትቀር ነው የሚታዘቧት። ሽማግሌው ይህን ሁሉ አስበውት ነው የመጡት። ነቢዩም ገባው መሰለኝ፣ ወደ ኪቦርዱ ተመልሶ መክደኛውን ከደነው።

ሙሉቀን መቼም ጎረምሳ ነው፣ ምን እንደሚባል አያውቅም። ጽሑፍ አልተሰጠው፣ ዜማ አልተሠራለት። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «መጣሁ፣ እማዬ» አለኝ፣ እንዲሁ በተራ አነጋገር። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ከኮከቤ የተማርኩት ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ ያለ ዜማ፣ ያለ ግጥም፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ጮኼ አለቀስኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም።